ሰው በሞላበት ቤት ብቻዋን
(በባሕር ዳር ከንባብ ወዳጆች ጋር በነበረን ምሽት ያቀረብኩት ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ?

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ዩኒፎርማችሁን እንኳ ሳትቀይሩ ከትምህርት ቤት በቀጥታ የመጣችሁ ልጆቼ፤ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ሰማዩ ጠቁሯል። በሐይቁ በኩል ነፋሱ ተነስቷል። እንዲህ ባለ ምሽት ሰው ቤቱ ገብቶ ቡናውን ይጠጣል እንጂ ስለ ልብ ወለድ ሊሰማ አይወጣም። እናንተ ግን መጣችሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተናገሪ ሲሉኝ መጀመሪያ ፈራሁ። ምን ያልተባለ ነገር አለ? ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያላነበበውም ሰምቶታል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እኛ ሰፈር ሬዲዮ ያለው ቤት ደጃፉ ይሞላ ነበር። ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር ብዙ ተብሏል። ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ኩራት ብዙ ተብሏል። ስለ ጉዱ ካሣማ ተወርቶ አያልቅም።

እኔ ዛሬ ስለ ብቸኝነት ነው የማወራው። ስለ ሴት ልጅ ብቸኝነት። ያ ብቸኝነት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ ምን እንደሚሆን።

ሦስት ሴቶች ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛዋ የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ናት። ሁለተኛዋ ሰብለ ወንጌል ናት። ሦስተኛዋ ከመጽሐፉ አይደለችም፤ ከዚሁ ከሐይቃችን ዳር ናት፤ ወለተ ጴጥሮስ። በመካከል እናቴና አክስቴ ይገባሉ። ያለ እነሱ ይህን መጽሐፍ ማንበብ አልችልም።

ከውድነሽ ልጀምር።

ስለዚህ መጽሐፍ ሲወራ ውድነሽን የሚያነሳት ሰው ትንሽ ነው። ለምን ይሆን? ታሪኩ የሚጀምረው እኮ ከእሷ ቤት ነው፤ ከማንኩሳ። ከቦጋለ መብራቱ በፊት ያገባቻቸው ሰዎች ሞተውባታል። ባል አይበረክትላትም ተብላ ሰው የሚፈራት ሴት ናት። እስኪ አስቡት። ሐዘኑ አንሶ ጥፋቱም የእሷ ሆነ! ባል የሞተበት ሰው ይጽናናል። እሷን ግን ሸሿት። ቦጋለም ቢሆን ዕድሜውን በሰው ቤት ሲያገለግል የኖረ፣ ወገን የሌለው ሰው ነው። ሁለት ብቸኞች ተጋቡ። እኔ የመጀመሪያው የፍቅር ታሪክ ይህ ይመስለኛል፤ ዝም ያለ፣ ግጥም ያልተገጠመለት።

ከዚያ በዛብህ ተወለደ። ሕፃኑ ታመመ። ይሞታል ብለው ፈሩ። በሕይወት ከተረፈ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተሳሉት። ልጁ ተረፈ። ስለቱ ግን አብሮት አደገ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ አራት ዓመት ሲሆነው ኩፍኝ ያዘው። አባቴ ለሥራ ሁመራ ወርዶ ነበር። ጎረቤቶቻችን በሽታው ወደ ልጆቻቸው እንዳይተላለፍ ፈርተው ደጃችንን አይረግጡም። አልፈርድባቸውም። እናቴ ግን ሦስት ሌሊት ብቻዋን ነበረች። እኔ ትንሽ ልጅ ነኝ፤ ጥግ ተኝቼ አያታለሁ። ኩራዙ እያነሰ ይሄዳል። የወንድሜ ትንፋሽ ይጮኻል። በሦስተኛው ሌሊት እናቴ ተነሳች። ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። «የክብራኑ ገብርኤል፣ ይህን ልጅ ካተረፍክልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው። አጠገቧ ያለን ሰው እንደምታነጋግር ነበር።

ሌላ ማንን ታነጋግር? እናንተው ንገሩኝ፤ በዚያ ሌሊት ሌላ ማን ነበራት?

ወንድሜ ዳነ። ጃንጥላው ግን አምስት ዓመት ፈጀ። እንቁላል እየሸጠች፣ ጠላ እየጠመቀች አጠራቀመች። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ ገዛች። ከዚህ ከባሕር ዳር በጀልባ ሄድን። እናቴ ጃንጥላውን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋዋለች፤ ውኃው እንዳይረጨው እንደ ሕፃን ነው የያዘችው።

ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ነው። ጀልባው ሲቆም አጎቴና ወንድሜ ወረዱ። እናቴ ነጠላውን ገልጣ ጃንጥላውን ለወንድሜ አስያዘችው። ከቁመቱ ይበልጥ ነበር። ሁለቱ ሽቅብ በዛፎቹ መካከል ሄዱ፤ እናቴና እኔ ከታች ውኃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ቀዩ ጃንጥላ በቅጠሉ መሐል ብቅ ጥልቅ ይል ነበር። ከዚያ ጠፋ።

«እማዬ፣ የተሳልሽው አንቺ፤ ለምን እሱ ያስገባል?» አልኳት።

«ያኔ የሰማኝ እቤቴ ሆኜ ነው» አለች። «አሁን እዚህ ሆኜ አይሰማኝም?»

ደርሰዋል ብላ በገመተችበት ሰዓት ተነስታ እልል አለች። ብቻዋን፣ ወደ ውኃው። እልልታዋን የመለሰላት አልነበረም። እኔ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። አሁን ሳስበው ያኔ አብሬያት እልል ባለማለቴ ነው የማዝነው።

ይህን ያነሳሁት ሥርዓቱን ልከስ አይደለም። እናቴ ራሷ አልከሰሰችውም። ውድነሽን እንድታዩልኝ ነው። የእኔ እናት የተሳለችው ጃንጥላ ነበር። ውድነሽ ግን የተሳለችው ልጇን ራሱን ነው፤ ከዚያ ሌላ የምትሰጠው ምን አላት? ስለት ሰው ያጣች ሴት የምትይዘው የመጨረሻ ገመድ ነው። ገመዱ ልጇን አወጣው። ያው ገመድ ልጇን አሰረው።

በዛብህ አድጎ፣ ቅኔ ተምሮ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ደርሶ፣ ሰብለን ሲወዳት ልቡን የሚይዘው ይኸው ስለት ነው። አለመደፋፈሩን ድህነቱ ብቻ ያመጣው የሚመስላችሁ ካላችሁ መልሳችሁ አንብቡ። ድህነቱም አለ፣ የዘር ነገርም አለ። ከውስጡ ግን ለሌላ የተሰጠ ሰው ነኝ የሚል ፍርሃት አለ። አንዲት የተጨነቀች እናት በጭንቋ ቀን የተናገረችው ቃል፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ፈጽሞ በማታውቃት ልጅ ደጅ ላይ ቆመ።

እነሆ ሁለተኛዋ፤ ሰብለ ወንጌል።

ሰብለ ብቻዋን ነበረች ስል ልጆች ይገርማቸዋል። ሳስተምርም ሁልጊዜ ይህን ይጠይቁኛል። «ቲቸር፣ ቤቱ እኮ ሰው በሰው ነው! አሽከር አለ፣ ገረድ አለ፣ አባት አለ፣ እናት አለች።» ልክ ናቸው። ቤቱ ሰው በሰው ነው። እህል አለ፣ ጠጅ አለ፣ እንግዳ አይጠፋም። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ምን ጎደላት?

የሚያናግራት ጎደላት። የሚጠይቃት ሁሉ ለአባቷ አንሶ ይመለሳል። ይህኛው ዘሩ አልጠራም፣ ያኛው ወገኑ አልተሰማም። እኩዮቿ አግብተው ወልደው ልጅ አዝለው ሲመጡ እሷ የአባቷን አጥንት ክብር ስትጠብቅ ትኖራለች። የማን ክብር ነው? የማን ዕድሜ ነው የሚሄደው? ማንም ክፉ አልተናገራት፤ ማንም አልመታት። እንደ ጌጥ ዕቃ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀመጧት። ብቻ ከዚያ ማውረዱን ረሱት።

አክስቴ እንዲህ ነበረች። እታለም ነው የምንላት። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ሜጫ ገጠር ነው የኖረችው። አያቴ ትንሽ መሬትና ትልቅ ስም ነበረው። የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ አበላ፣ አጠጣ፣ መለሰ። አንዱ ሸማኔ ነው ተባለ። አንዱ መጤ ነው ተባለ። በመጨረሻ ሽማግሌ መምጣቱን ተወ። አያቴ ሲሞት እታለም ወንድሟ ቤት ጓዳ ገባች። ልጆች አሳደገች፤ የሰው ልጆች። ሠርግ በመጣ ቁጥር ወጥ ቤቱን የምትይዘው እሷ ናት። ሙሽራዋን ስታይ ግን አላውቅም።

ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እሷ ዘንድ እሄድ ነበር። ማታ ማታ እሷ ጥጥ ትፈትላለች፣ እኔ በኩራዝ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አነብላታለሁ። ማንበብ አትችልም። መጽሐፉን ግን ራሷ ናት የገዛችው፤ ሁለት ዶሮ ሸጣ፣ ከተማ ለሚወርድ ሰው ልካ። እንዝርቷ ሲሽከረከር ድምፁ ይሰማኛል። አንዳንድ ቦታ ስደርስ ድምፁ ይቆማል። ቀና ስል እንዝርቱ በእጇ ተንጠልጥሏል። «ቆይ ቆይ፣ እሷን ድገሚልኝ» ትላለች። እደግምላታለሁ።

የሰብለን ጾምና ጸሎት ሳነብላት ግን አትደነቅም ነበር። ያንን ታውቀዋለቻ! እታለም ኪዳን አያመልጣትም፤ ቅዳሴ አያመልጣትም፤ በወር ሦስት ማኅበር ትጠጣለች። ሰው ሃይማኖተኛ ናት ይላል፤ እውነት ነው፤ ናትም። ግን አንድ ቀን አብሬያት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አንድ ነገር ልብ አልኩ። በመንገድ ያገኘን ሰው ሁሉ «ወዴት ነሽ?» ይላታል። «ቤተ ክርስቲያን።» በቃ፤ ጥያቄው አለቀ። ገበያ ብትል «ምን ልትገዢ?» አለ። ዘመድ ቤት ብትል «ማን ላከሽ?» አለ። ያላገባች ሴት ማንንም ሳታስፈቅድ የምትሄድበት አንድ ቦታ ነበር። እዚያም ዋርካው ሥር ከሌሎች ሴቶች ጋር ቁጭ ትላለች። ታወራለች። ትስቃለች! እታለም ጥርሷ ሲታይ ያየሁት እዚያ ነው።

ይህን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ ሰብለ የምታደርገውን የምንረዳው በዚህ ነውና። አባቷ በመጨረሻ ሊድሯት ቆረጡ። በዛብህ አዲስ አበባ ሸሽቷል። ልትከተለው ወሰነች። ግን እንዴት ትሂድ? ቆንጆ፣ የጌታ ልጅ፣ ብቻዋን፣ ከጎጃም እስከ ሸዋ በእግር? በየደጁ «የማን ልጅ ነሽ? ባልሽ የት ነው?» ትባላለች። ምን አደረገች? የመነኩሴ ልብስ ለበሰች።

እዚህ ቦታ ስደርስ የእታለም እንዝርት ቆመ። ጥቂት ዝም አለች። «አበጀች!» አለች። «ቆብ ያደረገን ሰው ማን ከየት ወዴት ይለዋል?»

እኔ መምህር ሆኜ ስንት ዓመት ስለዚህ መጽሐፍ አስተምሬያለሁ። ከእታለም የተሻለ ትንታኔ አልሰማሁም። ያው ሃይማኖት በበዛብህ በኩል በር ዘጋ፤ በሰብለ በኩል በር ከፈተ። ሴት ሆና መሄድ ያልቻለችውን መንገድ በቆብ ሄደችው። ሐዲስ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደጉ ሰው ናቸው፤ ዲማም ቅኔ ተምረዋል። የሚጽፉትን ነገር ከውስጥ ያውቁታል። ለዚህ ነው ቄሱን ሁሉ ክፉ፣ ወይም ጸሎቱን ሁሉ ባዶ ያላደረጉት። የነቀፉት ነገር አለ፤ ጠንከር አድርገው ነቅፈዋል። ግን ቆቡን ሰጧት።

አሁን ወደ ሐይቃችን ልመለስ፤ በሦስተኛዋ ላይ ብዙ አልቆይም።

ከዚህ በምሥራቁ ዳርቻ ቆራጣ አለ። እዚያ የወለተ ጴጥሮስ ገዳም አለ። ስንቶቻችሁ ታሪኳን ታውቃላችሁ? በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረች የመኳንንት ልጅ ናት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የአጼ ሱስንዮስ የጦር አዛዥ ነበር። ልጆቿ በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ሲዞር ባሏ ከንጉሡ ጋር ሆነ፤ እሷ ጥላው ሄደች። ፀጉሯን ተላጭታ መነኮሰች። እምቢ ባይነቷ በንጉሡ ፊት አስቆማት፤ ለስደት ዳረጋት። በ1635 ዓ.ም. እስክታርፍ ድረስ ወንዶችም ሴቶችም ያሉባቸውን ማኅበራት መራች። ካረፈች 30 ዓመት ገደማ በኋላ ገድሏ ተጻፈ።

እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ አንድ ቦታ አለ። ከእኅተ ክርስቶስ ጋር መጀመሪያ የተገናኙበት። ሁለቱ ሴቶች ገና ከሩቅ ሲተያዩ ፍቅር በልባቸው አደረ፤ ከዚያ በፊት እንደሚተዋወቁ ሆኑ ይላል ገድሉ። ከዚያ ወዲያ አልተለያዩም፤ ሞት እስኪለያቸው። እዩት እንግዲህ! ባሏን ትታ፣ ልጆቿን ቀብራ፣ ከዘመዶቿ ተለይታ የሄደች ሴት በምንኩስና ውስጥ ጓደኛ አገኘች። ለሰብለ ያጣሁላት ይህችን ነው። ሰብለ ወንጌል እኅተ ክርስቶስ የላትም። ምስጢሯን የምትካፈላት አንዲት እኩያ ሴት ብትኖራት ያ መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ ይሆን ነበር እላለሁ። አንዳንዶቻችሁ አትስማሙ ይሆናል። በውይይቱ እንነጋገርበታለን።

ወደ መጨረሻው እንምጣ። ሰብለ በመንገድ ላይ በዛብህን አገኘችው። ወንበዴዎች ጥለውት፣ ሊሞት ሲል። ሞተ። ቀበረችው። ከመቃብሩ አልተለየችም፤ መንኩሳ እዚያው ኖረች።

ወጣት ሳለሁ ይህን የማስተምረው የፍቅር መጨረሻ አድርጌ ነበር። እንባ እየተናነቀኝ። አሁን ዕድሜዬ ገፋ፤ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ወዴት ትሂድ? እስኪ ለሰብለ ቦታ ፈልጉላት። ጥላው ወደ ጠፋችው ሠርግ ትመለስ? የአባቷን ስም አዋርዳ ከወጣችበት ቤት ትመለስ? አዲስ አበባ ትግባ፣ ማን ዘንድ? አንዲት ወጣት ሴት አንድ መቃብር አጠገብ ያለ ባል ያለ አባት ልኑር ብትል ማን ይተዋታል? መነኩሲት ከሆነች ግን ይተዋታል። ይባርኩኝ ብሎም ያልፋል። ጸሎቷ የውሸት ነው አላልኩም። ሐዘኗም ጸሎቷም እውነት ነው። ግን ቆቡ ብቸኝነቷን ክብር አለበሰው።

ጉዱ ካሣ ብቻ ነው መጥቶ አጠገቧ የኖረው። ዘመድ ሁሉ እያለ፣ አገር አበደ ያለው ሰው መጣ። በጣም የማዝነውም የምጽናናውም በዚህ ነው።

እታለም አርባዎቹን ስታጋምስ መነኮሰች። ቤተሰቡ ደስ አለው፤ ድግስ ተደገሰ። እኔ ያኔ ጀማሪ መምህር ነበርኩ። ማታ ብቻችንን ስንሆን «እታለም፣ ምን ተሰማሽ?» አልኳት። ቆቧን በመዳፏ አስተካከለች። አዲስ ስለነበር ግንባሯ ላይ ምልክት አውጥቶባት ነበር።

«ቀለለኝ» አለች። «ከእንግዲህ ለምን አላገባሽም የሚለኝ የለም።»

ይህን ስትል አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ወጥቼ ያለቀስኩት። እንግዲህ እናንተን ልለምናችሁ። በየቤታችን ጓዳ እንዲህ ያለች ሴት አለች። አክስት ናት፣ ታላቅ እህት ናት፣ ባል የሞተባት ጎረቤት ናት። የልጆቻችንን ልብስ ታጥባለች፣ ድግሳችንን ትሠራለች። ጸሎቷን እናከብርላታለን፤ ጸልይልኝ እንላታለን። አንቺስ እንዴት ነሽ ብለን ቁጭ ያልነው መቼ ነው? ዛሬ ማታ ስትገቡ ቡና አፍሉላት። እናንተ አፍሉላት!

ንግግሬን እዚህ ላይ ላቁም፤ ንባቡ ይቅደም። ይህ በእጄ የያዝኩት የእታለም መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ተልጦ በማዳበሪያ ወረቀት ለብጬዋለሁ። ስታርፍ ከሳጥኗ አውጥተው ሰጡኝ። በመሐሉ አንድ የጥጥ ክር አለ፤ የራሷ ፈትል ነው። ፊደል ስለማትለይ ቦታው እንዳይጠፋት ያስገባችው እሷ ናት፤ እኔም ከዚያ አንስቼው አላውቅም። ሰብለ ለጉዞ የምትነሳበት ገጽ ነው።

አንቺ፣ ከኋላ ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበስሽው ልጄ፣ አዎ አንቺ፤ ነይ እስኪ። ቀስ አድርገሽ ያዢው፣ ጥራዙ ላልቷል። ክሩ ካለበት ክፈቺውና አንብቢልን። ጮክ በይ፤ የኋለኞቹም ይስሙ።